9ኛ ክፍል የት ትግባ? ትምህርት ቤቶችን በምዘናቸውና በካርዳቸው ማወዳደር

አምና ክረምት ልጃችን ሚኒስትሪዋን ጨረሰች። አሁን ክልላዊ ፈተና ነው የሚባለው፤ እኛ ቤት ግን የ8ኛ ክፍል ፈተና እስከ ዛሬ ሚኒስትሪ ነው። ከዚያ የትልቆቹ ጣጣ መጣ፤ 9ኛ ክፍል የት ትግባ?

እኔና ባለቤቴ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰባት ትምህርት ቤት ዞርን። የሚነግሩን ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ላብራቶሪ አለን፣ ላይብረሪ አለን፣ ሰርቪስ አለን፣ አምና እንዲህ ያህል ተማሪ አሳለፍን። አራተኛው ላይ ባለቤቴ ሰልችቷት ነው መሰለኝ ከየት እንዳመጣችው የማላውቀውን ጥያቄ ወረወረች። "ልጄ ብትደክምብኝ መቼ ነው የምትነግሩኝ?"

ሬጅስትራሯ ፈገግ አለችና "ካርድ ሲሰጥ ያዩታል" አለቻት።

ካርድ የሚሰጠው የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ፣ ጥር መጨረሻ አካባቢ ነው። ትምህርት የሚጀመረው መስከረም። አራት ወር ተኩል ሙሉ ልጄ ፊዚክስ ሳይገባት ተቀምጣ እኔ ክፍያ እየከፈልኩ ነው ማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ላብራቶሪ መጠየቅ ተውን። ሁለት ነገር ብቻ መመርመር ጀመርን፤ ማርኩ ከምን ከምን ይሰበሰባል? ወላጅስ መቼና በምን ይሰማል? ያገኘነውን እዚህ ላካፍላችሁ። ዘንድሮ ልጅ የምታስመዘግቡ ካላችሁ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

ማርኩ ከምን ይሰበሰባል?

ትምህርት ቤቶቹን በጥቅሉ ለሁለት ከፈልናቸው። የአንደኛዎቹ መንገድ የጥንቱ ነው። ሚድ 30 ወይም 40፣ ፋይናል 50 ወይም 60፣ መሀል ላይ አንድ ሁለት ቴስት ጣል ይደረጋል። እኛም የተማርነው እንዲህ ነው። ጥሩነቱ ግልጽ ነው፤ ልጁ ብቻውን ተቀምጦ የሠራው የራሱ ማርክ ነው። ክፋቱ ደግሞ ሁሉም ነገር ሁለት ቀን ላይ መንጠልጠሉ ነው። ፋይናል ዋዜማ ታይፎይድ የያዘው ልጅ አለቀለት። ወላጅም ቢሆን የሚሰማው ሚድ ከታረመ በኋላ ነው፣ እሱንም ልጁ ወረቀቱን ካሳየው።

ሁለተኛዎቹ ተከታታይ ምዘና የሚሉት ናቸው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ መንግሥት ራሱ ሲገፋው የኖረ መንገድ ነው። ሐሳቡን ማንም አይጠላውም። ልጁ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይመዘናል፣ የጎደለው ቶሎ ይታያል፣ መምህሩ ተመልሶ ያስረዳል። ጉዱ ያለው ክፍል ውስጥ ነው። 60 ተማሪ ያለበትን አምስት ሴክሽን የሚይዝ መምህር አንድ የቤት ሥራ ቢሰጥ 300 ደብተር ይጠብቀዋል። ማን ያርመዋል? ስለዚህ ተከታታይ ምዘናው ተከታታይ ፈተና ይሆናል። እሱም ካልሆነ ተከታታይ ችሮታ ይሆናል፤ ለደብተር ንጽሕና 5፣ ለተሳትፎ 5፣ ለግሩፕ ሥራ 15።

በራሴ ልጅ የደረሰውን ልንገራችሁ። ትልቁ ልጃችን ያኔ 10ኛ ክፍል ነበር፣ የት እንደሚማር ይቅር። ካርዱ ላይ ፊዚክስ 71 ይላል። ደስ ብሎን ነበር። በወላጅ ቀን ግን መምህሩን ማርክ ሊስቱን እንዲያሳየን ለመንነው። ሰውየው ጨዋ ነው፣ አሳየን። ክላስ ወርክ ከ10 10። ደብተር ከ5 5። የግሩፕ ፕሮጀክት ከ15 14። ቴስት ከ10 7። ሚድ ከ20 11። ፋይናል ከ40 24። ደምሩት፣ 71 ነው። አሁን ብቻውን ተቀምጦ የሠራቸውን ሦስቱን ለይታችሁ ደምሩ። ከ70 42 ይመጣል። 60 በመቶ ማለት ነው።

14 ያመጣው ፕሮጀክት በካርቶንና በትንሽ ሞተር የተሠራ የውሃ ፓምፕ ነበር። ማን እንደሠራው በደንብ አውቃለሁ። ሰፈራችን ያለ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ 400 ብር ከፍዬዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ ከ100ው ውስጥ ልጁ ብቻውን ተቀምጦ የሚሠራው ስንቱ ነው? 70 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ እሱም በአራት አምስት ቦታ የተከፋፈለ ከሆነ ለእኔ ጥሩ ነው። አንድ ትምህርት ቤት በየሁለት ሳምንቱ አርብ የ20 ደቂቃ ቴስት ይሰጣል፣ ማክሰኞ ታርሞ ይመለሳል። ሕንፃው ያረጀ ነው፣ ግቢው ጠባብ ነው፣ ወንበሮቹ እኛ ከተማርንባቸው አይሻሉም። እኔ ግን ልቤ እዚያ ቀረ።

ሌላም ጥያቄ አለ። የ9ኛ ክፍል ሴክሽኖች ሁሉ የሚፈተኑት አንድ ዓይነት ፈተና ነው ወይስ እያንዳንዱ መምህር የራሱን ያወጣል? የሴክሽን "ኤ" መምህር ቀላል አውጥቶ የሴክሽን "ሲ"ው ካከበደ፣ የሁለቱን ልጆች ካርድ ጎን ለጎን ማየት ትርጉም የለውም። የጥያቄዎቹን ዓይነትም ጠይቁ። ሁሉም ቾይዝና ትሩ ፎልስ ከሆነ ኩረጃን መቆጣጠር አይቻልም። ወርክ አውት ያለበት ፈተና ልጁ የት ላይ እንደሳተ ያሳያል፤ "ቢ"ን ማክበቡ ግን ምንም አይናገርም። በሌላ በኩል የ12ኛው ፈተና ቾይዝ ነው። ስለዚህ ቾይዝ ጭራሽ የማያውቅ ልጅም ኋላ ላይ ሰዓት ያጥረዋል። ሁለቱም ይኑሩ።

ለምን ይህን ያህል ጥብቅ ሆንኩ? አራት ዓመት ሙሉ ዳኛ ስለሌለ ነው

ድሮ 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር። ከ2012 ወዲህ ቀርቷል። ስለዚህ ልጅ ከ8ኛ ክፍል ፈተናው በኋላ 12ኛን እስኪጨርስ ድረስ በአገር አቀፍ ፈተና አይመዘንም። በመሀል ያለው ብቸኛ መረጃችሁ ትምህርት ቤቱ ራሱ ጽፎ የሚሰጣችሁ ካርድ ነው።

ካርዱ ደግሞ ሲያባብል ምን እንደሚከተል አይተናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ጥቅምት 2015 ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጉዘው፣ እዚያው አድረው ተፈተኑ። ውጤቱ ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። እሰየው ነው፣ ግን አሁንም ከአሥር አንድ አይሞላም። እነዚያ ልጆች 12ኛ የደረሱት በየዓመቱ ካርዳቸው ላይ "ተዛውሯል"፣ "ተዛውራለች" ተብሎ ተጽፎላቸው ነው። ቤተሰቦቻቸውም ፈርመዋል። ከእነሱ ውስጥ ስንቱ ቤት ካርዱን አይቶ ዶሮ አርዶ እንደነበር አስቡት።

ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል አማካይ ውጤቱ 85 ነው ብሎ ሲፎክር አልደሰትም። ከዚያው ትምህርት ቤት 12ኛ ክፍል የተፈተኑት ስንት ነበሩ፣ ያለፉትስ ስንት ናቸው? ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ስጡኝ እላለሁ። "30 ተማሪ አሳለፍን" የሚለው ካስፈተኑት 40 ከሆነና ካስፈተኑት 300 ከሆነ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ደረጃው ይኑር ወይስ ይቅር?

ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀው "ስንተኛ ወጣሽ?" ብሎ ነው። አማካይ ውጤት የሚጠይቅ አጎት እስካሁን አልገጠመኝም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ግን ካርዱ ላይ ደረጃ መጻፍ ትተዋል። ባለቤቴ ይህን ትደግፋለች። ልጆቹን ያጋጫል፣ መሀል ላይ ያሉትን ያደነዝዛል ባይ ነች። እኔ ትንሽ እለያለሁ። ደረጃ አንድ ነገር ይነግረኛል፤ ማርክ የሚረጭ መምህር ባለበት ክፍል 88 አምጥቶ 31ኛ የወጣ ልጅ ካለ፣ 88ቱ ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባኛል። ደረጃ ከተጻፈ ግን "ከስንት?" የሚለውም ይጻፍ። ጎበዞችን ለይቶ በአንድ ሴክሽን የሚያስቀምጥ ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ እዚያ 15ኛ መውጣት ሌላው ሴክሽን ውስጥ 2ኛ ከመውጣት ሊበልጥ ይችላል። ለአጎት ይህን ማስረዳት ነው ከባዱ።

ወሬው በምን ይደርሳል?

አሁን ወደ ባለቤቴ ጥያቄ ልመለስ። ያየናቸው መንገዶች አምስት ያህል ናቸው፤ አብዛኛው ትምህርት ቤት ሁለት ሦስቱን ይቀላቅላል።

ካርድ ብቻ፣ በሴሚስተር አንዴ። ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችና አንዳንድ የግሎቹ እዚህ ናቸው። ካርዱ ራሱ ጥፋት የለበትም። የየትምህርቱ ውጤት፣ አማካይ፣ ጠባይ፣ የቀረበት ቀን፣ የስም ጠሪው አስተያየት፣ የወላጅ ፊርማ፤ ሁሉም አለው። የሚጎድለው ጊዜ ነው። አስተያየቱም ብዙ ጊዜ "በርታ" ወይም "በርቺ" ናት። እኔ በካርድ ላይ መጀመሪያ የማየው የቀረበትን ቀን ነው። ልጄ ታሞ የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ሆኖ ካርዱ 9 ካለኝ፣ ከሂሳብ ውጤቱ በፊት የምንነጋገርበት ጉዳይ አለን።

በሩብ ዓመት የሚሰጥ ውጤት። ዓመቱን ለአራት ከፍለው ኅዳር ላይ የመጀመሪያውን የሚሰጡ አሉ። ለእኔ ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ይህ ነው። ኅዳር ላይ የተሰማ ድካም ይጠገናል፤ አስጠኚ ይቀጠራል፣ ቱቶሪያል ይገባል፣ ስልክ ይነጠቃል።

የቴሌግራም ግሩፕ። ይህን እጠላዋለሁ። መጀመሪያ ነገር 120 ወላጅ "አሜን" እና "እናመሰግናለን" ሲጽፍ ዋናው ማስታወቂያ ይጠፋል። የባሰው ደግሞ አንዳንድ ቦታ የክፍሉን ሮስተር በሙሉ ፎቶ አንስተው ግሩፑ ላይ ይለጥፋሉ። የልጃችሁ 34 ሰፈር ውስጥ ከእናንተ በፊት ይሰማል። ግሩፕ ለስብሰባ ጥሪና ለክፍያ ማስታወሻ ይሁን። ውጤት ግን በግል ይላክ። ስትመዘገቡ ይህን በግልጽ ጠይቁ።

አፕ ወይም ፖርታል። ስታዩት ያምራል፤ ቴስት በታረመ ቁጥር ስልካችሁ ላይ ይመጣል። ግን አፑ ከሚሞላው መምህር አይበልጥም። አንድ ትምህርት ቤት ዳይሬክተሩ በኩራት አፑን ከፍቶ አሳየን። ወሩ ሰኔ ነው። እኔ ደግሞ መነጽሬን አስተካክዬ አየሁት፤ ባዮሎጂ ላይ መጨረሻ የገባው ማርክ የየካቲት ነው። አልተናገርኩም፣ እሱም አላየውም። ስለዚህ አፕ አለን ሲሏችሁ ማሳያውን አትዩ፤ የአንድ ሴክሽን ገጽ አስከፍቱና መጨረሻ የተሞላበትን ቀን ተመልከቱ። ለአፑ ለብቻ የሚያስከፍሉ እንዳሉም አትርሱ።

የወላጅ ቀን። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተሰልፋችሁ አንድ መምህር ጋ ሦስት ደቂቃ ታገኛላችሁ። "ልጄ እንዴት ነው?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ "ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ያወራል" ይባላል፤ ሦስቱ ደቂቃ አለቀች። ልጄ እንዴት ነው አትበሉ። "የመጨረሻውን ቴስቱን ያሳዩኝ፣ የትኛው ምዕራፍ ነው ያቃተው?" በሉ። መምህሩ ወረቀቱን አውጥቶ ከተናገረ ልጃችሁን ያውቀዋል። ማን ነበር ስሙ ብሎ ሮስተር ካገላበጠም አትፍረዱበት፤ 300 ተማሪ ነው ያለው። ግን ገባችሁ አይደል?

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የማስቀምጠው አንድ ተራ ነገር አለ፤ የታረመ ወረቀት። በቀይ እስክሪብቶ የታረመ ቴስት ቤት ይመጣል፣ ወላጅ ፈርሞ ይመልሳል። ዋጋው የወረቀት ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም። ልጁ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ምልክት መቀየር እንደረሳ ያሳያችኋል። "አያመጡላችሁም፣ ትምህርት ቤት ነው የሚቀመጠው" የሚሉ ገጥመውናል። ምክንያቱ ጥያቄው ሾልኮ ለከርሞ እንዳይታወቅ ነው፤ በየዓመቱ ያንኑ ፈተና ይሰጣሉ ማለት ነው።

ዓለም አቀፎቹ

አቅሙ ላለው ሌላ ዓለም አለ። እዚያ ማርኩ ቋንቋውን ይቀይራል። በፈረንሳይ ሥርዓት፣ ማለትም እንደ ሊሴ ገብረ ማርያም ባሉት፣ ውጤት ከ20 ነው። 10 ማለፊያ ነው፣ 12 እና 13 ደግሞ አያሳፍርም። ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ወላጅ 12ን በአምስት አባዝቶ "60 ብቻ?" ብሎ ይደነግጣል። አይባዛም። በአይቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት) ዲፕሎማ ስድስት ትምህርት እያንዳንዱ ከ7 ይታሰባል፣ ሦስት ተጨማሪ ነጥብ አለ፣ ጠቅላላው 45 ነው፤ ለማለፍ ቢያንስ 24 ያስፈልጋል። የእነዚህና የካምብሪጁ አይጂሲኤስኢ (የእንግሊዝ ሥርዓት የሁለተኛ ደረጃ ፈተና) ትልቁ ብልጫ ዋናው ፈተና የሚታረመው ውጭ መሆኑ ነው። ትምህርት ቤቱ ልጃችሁን ቢያባብለውም አራሚው አያውቀውም። ቀሪው የኪስ ጉዳይ ነው፤ እሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ወላጅ ሩቅ ሲሆን

ጎረቤታችን ያለች ልጅ እናቷ ሪያድ ናት። የምታሳድጋት አያቷ ናቸው። ካርድ ሲመጣ እማማ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ይፈርማሉ። ልጅቷ ምን አለ ብላ ከነገረቻቸው ያ ነው የሚያውቁት። እንዲህ ላለ ቤተሰብ ከላይ ያልኩት ቅደም ተከተል ይገለበጣል። አፑ መጀመሪያ ይመጣል፤ እናትየዋ እዚያው ሆና ታየዋለች። አፕ ከሌለ ስም ጠሪው ካርዱን በግል ፎቶ አንስቶ እንዲልክላት ምዝገባ ላይ መስማማት ይቻላል። ሲመዘገቡ ደግሞ ቅጹ ላይ የአሳዳጊ ስልክ ብቻ ይሞላና የእናትየው ይረሳል። ሁለቱንም አስጽፉ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ችግራችሁ ሌላ ነው። የባለቤቴ እህት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለችው፣ ሜሪላንድ። የልጇ ማርክ በየቀኑ ስልኳ ላይ ነው፤ ያልገባ የቤት ሥራ ሁሉ ይታያታል። አማካዩ ከ4 ነው የሚሰላው። መረጃው ሞልቶ ተርፏል። መጀመሪያ ሰሞን ግን የወላጅና መምህር ውይይት ላይ አስተርጓሚዋ ያው ልጇ ነበር። መምህሯ ረዥም ነገር ተናገረች። ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ "በጣም ጎበዝ ነው እያለች ነው" አለ። ኋላ ነው ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ያወቀችው። ያለ ክፍያ ነው፤ አስቀድሞ መጠየቅ ብቻ ነው። አጎራባቿ ዋሽንግተን ዲሲ እንዲያውም ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ ራሱን የቻለ ሕግ አላት፤ አማርኛም ከሚስተናገዱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

ምዝገባ ልትሄዱ ስትሉ

ሦስት ወረቀት እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ባዶ ካርድ፣ ስሙ የተሸፈነ የአንድ ትምህርት ማርክ ሊስት፣ እና ታርሞ የተመለሰ አንድ ቴስት። ከሰባቱ ትምህርት ቤቶች ሦስቱንም ያሳዩን ሁለቱ ብቻ ናቸው። አንዱ "ይህ የውስጥ አሠራር ነው" አለን። ባለቤቴ ቦርሳዋን አንስታ ቆመች፤ እኔም ተከተልኩ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ የመምረጥ ዕድሉ ጠባብ ነው፤ በአብዛኛው ለሰፈራችሁ የሚቀርበው ነው የሚደርሳችሁ። እዚያ የሚያዋጣው የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ ውስጥ መግባት ነው። አንድ ወዳጄ እንዲህ አድርጎ ሚድ በታረመ በሳምንቱ ውጤት ለወላጅ እንዲላክ አስወስኗል። ለዚያ የፈጀበት አንድ ዓመት ከስድስት ስብሰባ ነው።

እኛ መጨረሻ ላይ ያንን ያረጀውን ሕንፃ መረጥን፣ የአርቡን ቴስት። አፕ የለውም። የቴሌግራም ቻናል አለው፣ ማንም አይጽፍበትም። ልጅቷ ግቢውን አይታ ለሁለት ቀን አኩርፋን ነበር። ጥቅምት ላይ የመጀመሪያዋን የኬሚስትሪ ቴስት ይዛ መጣች። ከ10 4። አምስተኛው ጥያቄ አጠገብ መምህሩ በቀይ "ቫለንሲውን ድገሚ፣ ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ ነይ" ብሎ ጽፏል። ፈረምኩና መለስኩላት። ሐሙስ በ10 ሰዓት ተኩል ነው ቤት የገባችው።